አጭር የሕይወት ታሪክ

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር የልጅነቴን ነገር ልጽፍ ተነሣሁና ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ። የመጀመሪያውን ገጽ ለባለቤቴ አነበብኩላት፦ «ከአባቴ ከአቶ እከሌና ከእናቴ ከወይዘሮ እከሊት፣ በቀድሞው ሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ በመንዝና ግሼ አውራጃ ተወለድኩ። ዕድሜዬ ለትምህርት ሲደርስ…»

ሽንኩርት መክተፏን ትታ ቀና አለች። «ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?»

እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ የሕይወት ታሪኩ በጽሑፍ የሚነበብለት ሰው ሳጥን ውስጥ የተኛ ነው። የጎረቤቱን አጥር ሲገፋ የኖረው ሁሉ እዚያ ሲደርስ «ደግ፣ ሩኅሩኅና ሰው አክባሪ» ይሆናል። እኔም ለቀስተኛ ሆኜ ከሰማሁት ሌላ አጻጻፍ አላውቅም።

ውሸቴን ነው፤ አንድ ሌላ አውቃለሁ። በደርግ ጊዜ፣ በኢሠፓአኮ ዘመን «የሕይወት ታሪካችሁን ከነመደብ ጀርባችሁ ጻፉ» ተባልን። አባቴ ጥንድ በሬ ነበራቸው። ጥንድ በሬ ከሀብታም ገበሬ ያስቆጥረኛል ብዬ ፈራሁና አንዱን ወረቀት ላይ አረድኩት። አባቴ ይህን ሳይሰሙ አረፉ፤ ያንን በሬ ይወዱት ነበር።

ከሁለቱም ለመላቀቅ የልዑል ራስ እምሩን «ካየሁት ከማስታውሰው» አወጣሁ። ርዕሱ ብቻ ያስቀናል። ያየሁትን ሁሉ አላሉም፤ ካየሁት፣ ቆንጠር አድርገው። እኔም በአንዲት ነገር ልጀምር ብዬ ቋንጣ መረጥኩ።

ማድ ቤት፣ ከምድጃው በላይ በተወጠረው ገመድ ላይ፣ ቋንጣው ጭስ ጠጥቶ ጠቁሯል። ሙቀጫውን ገልብጬ ወጣሁበት። አንዷን ዘለላ ስቤ ጥግ ይዤ አኘክኋት፤ መጀመሪያ ጨው፣ ቀጥሎ በርበሬ፣ በመጨረሻ ጭሱ። እናቴ ስትጠይቅ «ድመቷ ናት» አልኩ። ድመት ሙቀጫ እንደማትገለብጥ ታውቃለችና በበርበሬ ታጠንኩ። ይህን ስጽፍ አፌ ውሃ ሞላ፤ ጽሑፍ ማለት ይሄ ነው ብዬ ለእትዬ ደወልኩና አነበብኩላት።

ትንሽ ዝም አለች።

«ወንድምዓለም፣ ሙቀጫው ላይ የወጣሁት እኮ እኔ ነኝ።»

«ጣዕሙ አሁንም አፌ ላይ አለ!»

«አልቀመስካትም። አንተማ ሙቀጫውን ደግፈህ ‹ለእኔም፣ ለእኔም› እያልክ ታለቅስ ነበር። እኔ ሮጥኩ፣ አንተ ቀረህ፣ ታጠንክ። ድመቷ ናት ያልከው ብቻ እውነት ነው፤ እሱንም ያስጠናሁህ እኔ ነኝ።»

ሃምሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ሳጣጥማት የኖርኩት የእሷን ቋንጣ ኖሯል! ልዑል ራስ እምሩ ካዩት ጻፉ፤ እኔ ካልበላሁት።

«እሺ፣ አንቺ ነሽ ብዬ አስተካክለዋለሁ» አልኳት።

«ኧረ በስመአብ! የልጅ ልጆቼ ያነቡታል።»

«ታዲያ ማን ሰረቀው ልበል?»

«ድመቷ ናት በል።»