ጥርሴን አላልኩም፣ መንጋጋዬን ነው!

ለቅሶ ቤት ቆሎ ሲዞር እኛ መንጋጋችን የሚንቋቋው ሰዎች የምናደርገውን እናውቃለን፤ እፍኛችንን ተቀብለን፣ ጥቂት ቆይተን ኪስ ውስጥ እንከታለን። ከቆሎ የባሰው ጉርሻ ነው። አፌ አይከፈትልኝም ብንል ማን ይሰማናል? «በሞቴ!» ይመጣል። የጤነኛ ሰው አፍ የራሱን ሦስት ጣቶች ደርቦ ያስገባል፤ የእኛ ሁለት ካስገባ ቀኑ ጥሩ ነው። የአክስት ጉርሻ ደግሞ በጣት አይለካም።

ዲስክ ወገብ ላይ ብቻ ያለ ይመስለናል። ከጆሮ ፊት፣ የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል በሚገጥምበት ቦታም አንዲት ትንሽ ዲስክ አለች፤ ብዙውን ጊዜ «ቀጭ» የሚለው እሷ ስትንሸራተት ነው። ሳያም ድምፅ ብቻ ከሆነ ተዉት፣ ስንቱ ሰው አለው። ሲያም ግን ሕመሙ አታላይ ነው። ጆሮ ይወጋል፤ ጠብታ ይታዘዛል፤ ጆሮው ንጹሕ ነው። ሳይነስ ይባላል፣ ሚግሬን ይባላል፣ ጎረቤት «ጆሮ ደግፍ ነው» ብሎ ይፈርዳል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ደህና መንጋጋ ጥርሱን አስነቅሎ ሕመሙን እንደያዘ ቤቱ የሚገባው ሰው ነው። ምን ነበረበት፣ ጆሮው ፊት በጣት ጫን ብሎ «እስቲ ክፈት፣ ዝጋ» የሚለው ቢያገኝ!

ከዚያ ደግሞ ምክሩ፦ «አትጨነቅ።» የቤት ኪራይ ወር በገባ ቁጥር ደጅ እያንኳኳ ማን ሳይጨነቅ ይተኛል? ሌሊቱን ጥርስ ስናፋጭ አድረን ጠዋት ጉንጫችን ዝሎ፣ ራሳችን ተይዞ እንነሳለን። ቀን ደግሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ጥርስ ነክሶ መቆም ነው። ጥርስ እኮ የሚነካካው ሲያኝኩና ሲውጡ ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ ከንፈር ገጥሞ ጥርስ ተለያይቶ መዋል አለበት። ከሰዓቱን ሙሉ ጫት በአንድ ጉንጭ አኝከው፣ ማታ ማስቲካ ደርበው «መንጋጋዬን» የሚሉ ወዳጆቼንስ ምን ልበላቸው!

መፍትሔው ደግሞ ቀላል መሆኑ ያናድዳል። ጥቂት ሳምንት ለስላሳ ምግብ መብላት፣ ሞቅ ባለ ውሃ የተነከረ ፎጣ ጉንጭ ላይ መያዝ፣ ሲያዛጉ አገጭን በእጅ መደገፍ። ጨጓራም ኩላሊትም የማያስቸግረው ሰው ለጥቂት ቀን አይቡፕሮፌን ይውሰድ። ሌሊት የሚያፋጭ የጥርስ ሐኪም በልኩ የሠራለትን መከላከያ አድርጎ ይተኛ። አብዛኛው ሰው በዚህ ይሻለዋል። መንጋጋ ተቆልፎ ከቀረ ወይም ፊት ካበጠ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ነው። ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው ሲያኝክ መንጋጋው እየያዘው አዲስ ራስ ምታት ከጨመረ፣ ዓይኑም ብዥ ካለ፣ በዚያው ቀን ይታይ፤ የደም ሥር ብግነት ከሆነ ዓይን ያጠፋል።

ገና በመጀመሪያው ቀን «ንክሻህን ላስተካክል፣ ጥርስህን ልሞርድ» የሚል ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡና ሌላ ሐኪም ጠይቁ። የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አያድግም።