ይድረስ ለክብርት ጀልባ ጣናነሽ 2፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ መኪና የሌለው የቡሬ ሰው ወደ ጎርጎራ የሚሄድበትን ጀልባ ስለመምረጥ

ክብርት ሆይ፣

አመልካቹ የቡሬ ሰው ነው። መኪና የለውም፤ ሊገዛም አላሰበም። ያለው አንድ ቦርሳ፣ ጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም አካባቢ ለሚኖሩት አክስቱ የቋጠረው በርበሬና አንድ ግትር ሐሳብ ነው። ሐይቅ ካለ፣ በሐይቁም ላይ ጀልባ ካለ፣ ሰው ሐይቁን ዞሮ የሚሄድበት ምክንያት አይታየውም። ለዚህም ካርታ ይጠቅሳል። ጣና ከደቡብ እስከ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባሕር ዳር በደቡብ ዳርቻው፣ ጎርጎራ በሰሜኑ። በመኪና የሚሄድ ግን በወረታና በአዲስ ዘመን አድርጎ እስከ አዘዞ ይወጣል፤ ከዚያ ደግሞ በቆላ ድባና በጯሂት በኩል ተመልሶ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ሲደመር ከ200 ኪሎ ሜትር ያልፋል።

በቅድሚያ ለየብስ ጉዞዎ ያለውን አክብሮት ይገልጻል። በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደ ጣና ተነሥተው፣ 38 ሜትር ርዝመትዎንና 150 ቶን ክብደትዎን በሎቤድ አስጭነው፣ ከባሕር ወለል እስከ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ድረስ ዳገቱን ሲወጡ አገር ጉድ ብሏል። አመልካቹ በዕድሜው ሰው ጀልባ ሲሳፈር እንጂ ጀልባ መኪና ስትሳፈር አላየም ነበር። ይበልጥ የገረመው ግን ሌላ ነው። 188 መንገደኛ የሚይዝ አካል ይዘው ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀውን መንገድ ባዶዎን ተጓዙ። በቡሬ መናኸሪያ አንድ ሚኒባስ የመጨረሻው ወንበር እስኪሞላ ድረስ ንቅንቅ አይልም፤ ከሞላም በኋላ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል። እርስዎ በየደረሱበት ዜና ነበሩ። አመልካቹ የት ደረሰ ብላ የምትጠይቅ ባለቤቱ ብቻ ናት፤ እሷም ኔትወርክ ካገኘች ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ለደረሰ እግረኛ ጣና ላይ ምርጫ ሞልቷል ይባላል፤ እውነትም ሞልቷል።

ታንኳ አለ። ደንገሉ ታስሮ የሚሠራ፣ የዘጌን ማገዶ ለባሕር ዳር ምድጃ ሲያቀብል የኖረ፣ ከጉዞ ሲመለስ ውኃ ስለሚጠጣ ዳር ላይ ቆሞ ፀሐይ የሚሞቅ የተከበረ መጓጓዣ ነው። ለጎርጎራ ግን አይታሰብም፤ በርበሬውም ገና ሳይፈጭ ይዘፈዘፋል።

ቀጥሎ የሞተር ጀልባው አለ። ባለቤቶቹ ትሑትና ጨዋታ አዋቂ ናቸው፤ የሚያስከፍሉት ግን በወንበር ሳይሆን በጀልባ ነው፤ ኮንትራት ማለት ነው። ኮንትራት የያዘ ሰው ብቻውንም ይሂድ ከዘመድ ወዳጁ ጋር ዋጋው ያው ስለሆነ፣ ብቸኛ መንገደኛ ጎርጎራ ለመድረስ አስቀድሞ ማኅበር ማቋቋም አለበት። ማኅበሩ ቢቋቋም እንኳ አብዛኛው አባል የሚፈልገው ክብራን ገብርኤልን ወይም ዳጋ እስጢፋኖስን ተሳልሞ ለምሳ መመለስ ነው። ሁለቱም ሴት ስለማያስገቡ የማኅበሩ ግማሽ ጀልባው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ስለ ጎርጎራ የሚያነሣ አይኖርም።

አመልካቹ ልቡ ያለው ግን ለዓመታት በሚታወቀው ሳምንታዊ የመንገደኛ ጀልባ ላይ ነው። ልማዱ እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ከባሕር ዳር መነሣት፣ ደቅን ነካ አድርጎ ቁንዝላ ማደር፣ ሰኞ ጎርጎራ መግባት ነበር። ኬሻ፣ ዶሮ፣ አራስ፣ ቄስ፣ ነጋዴ የሚጭን፣ ጎብኚም ቢገኝ የማይጠላ ጀልባ ነው። ቀርፋፋ ነው መባሉ አመልካቹን አያስከፋውም። የሚያስከፋው ሰዓቱ ነው።

እስቲ እርስዎም አብረውት ያስሉት። ከቡሬ ባሕር ዳር 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በቲሊሊ፣ በኮሶበር፣ በዳንግላ፣ በዱርቤቴና በመራዊ በኩል መንገዱ ሰላም ሲሆን ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። መንገዱ ሰላም ሲሆን የሚለው ቃል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በጎጃም ከዋጋም ከርቀትም ቀድሞ ይጠየቃል። እሑድ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከቡሬ የተነሣ ሚኒባስ እንደ ወፍ ቢበር እንኳ የ1 ሰዓቱን ጀልባ አይደርስበትም። ስለዚህ አመልካቹ ቅዳሜ ባሕር ዳር ገብቶ አልጋ ይይዛል። እሑድ ማታ ቁንዝላ ሌላ አልጋ አለ። «በርካሽ በጀልባ ልሂድ» ብሎ የተነሣ ሰው ሁለት ሌሊት የአልጋ ከፍሎ፣ ሁለት እራት በልቶ፣ ከመናኸሪያ እስከ ሐይቁ ባጃጅ ተከራይቶ ሰኞ ጎርጎራ ሲወርድ፣ በአዘዞ የዞረው ጎረቤቱ አክስቱ ቤት ቡናውን ሦስተኛ ጠጥቷል።

እዚህ ላይ አመልካቹ በራሱ ግኝት ትንሽ እንዲኩራራ ይፈቀድለት። ዱርቤቴ ላይ ወርዶ ወደ ግራ የሚታጠፈውን መንገድ የያዘ ሰው ባሕር ዳርን ሳያይ ቁንዝላ ይደርሳል። እሑድ ረፋድ ከቡሬ ተነሥቶ፣ ጀልባው በውኃ ሲመጣ እሱ በየብስ ቀድሞ ወደቡ ላይ ይቆማል። አንድ ሌሊት ተረፈ፤ አንድ እራትም እንዲሁ። የቀረው ትንሽ ነገር ነው፦ ከዱርቤቴ የሚነሣው ሚኒባስና ከባሕር ዳር የምትነሣው ጀልባ አንዱ የሌላውን መኖር እንዲያውቁ ማድረግ።

ይህ ደግሞ የፈጠራ ጥያቄ አይደለም። ኢስታንቡል ውስጥ መንገደኛ በአንድ ካርድ ከአውቶቡስ ወርዶ ባቡር፣ ከባቡር ወርዶ ጀልባ ይሳፈራል። ኒውዮርክ ከማንሃተን ስታተን ደሴት የምታመላልሰው ጀልባ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ለእግረኛ በነፃ ናት፤ ከመስከረም 2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ መኪና አትጭንም። መኪና የሌለው ሰው በሌሊትም በቀንም ይሳፈራል፤ መኪና ያለው ድልድይ ይፈልግ! ክብርትነትዎ ይህን ሲሰሙ «ነፃ» የሚለው እንዳያስደነግጥዎ፤ አመልካቹ ታሪፉን ይከፍላል። የሚፈልገው ታሪፉ ተጽፎ እንዲለጠፍ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ከየብሱ ወንድምዎ ከሚኒባሱ እንዳይማሩ አጥብቆ ይለምናል። ትርፍ አይጫን። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1996 ኤም ቪ ቡኮባ ከልክ በላይ ጭና ስትሰጥም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ኤም ቪ ኒየሬሬ ስትገለበጥ ከ220 በላይ ሞቱ፤ ያቺም የተጨናነቀች ነበረች። ስለዚህ 188 ሲባል 189ኛው ሰው የወረዳ ሹም ቢሆንም ዳር ላይ ይቅር። ሹሙ መኪና አለው፤ በአዘዞ ይዙር።

ወሬ ደርሶታል፤ እርስዎ በገበታ ለሀገር ለተሠራው ለጎርጎራ ሪዞርት እንግዶች ይሆናሉ የሚሉ አሉ። እንግዳ ይምጣ፣ ይስተናገድ፤ አመልካቹ አይመቀኝም። ነገር ግን የሪዞርት እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ መኪና ይዞ ይመጣል፤ ጀልባ ለእሱ ሽርሽር ናት። ለደቅ ሰው፣ ለቁንዝላ ነጋዴ፣ ለደልጊ ገበሬ ግን ጀልባ ማለት መንገድ ነው፤ መናኸሪያውም፣ አምቡላንሱም፣ የገበያ ጋሪውም እሷው ናት። ሽርሽር ቢቀር ፎቶ ይቀራል፤ መንገድ ከቀረ ግን ደቅ ላይ ምጥ የያዛት ሴት ታንኳ ትፈልጋለች።

እንግዲህ ልመናው ይህ ነው። የእሑዱን የጎርጎራ መሥመር እርስዎ ይያዙ። የሚነሡበት ቀንና ሰዓት ተጽፎ በባሕር ዳር ወደብ ብቻ ሳይሆን በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በዱርቤቴ መናኸሪያዎች ይለጠፍ፤ የቀረም እንደሆነ መቅረቱ ከዋዜማው ይነገር። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይልቅ 4 ሰዓት ቢነሡ የጎጃም ሚኒባስ ይደርስብዎታል። ቲኬቱ በወንበር ይቆረጥ። ለኬሻ የሚሆን ቦታ ከታች ይኑር፤ በርበሬ አጠገቡ የተቀመጠውን ሁሉ ስለሚያስነጥስ ይህ ለክብርትነትዎም ጤና ይበጃል።

ከሰላምታ ጋር
መኪና የሌለው የቡሬ መንገደኛ

ግልባጭ፦
ለቡሬ መናኸሪያ ተራ አስከባሪዎች፤
ለባሕር ዳር ሞተር ጀልባ ባለቤቶች (በኮንትራቱ እንዳይቀየሙ)፤
ለዱርቤቴ–ቁንዝላ ሚኒባስ ረዳቶች፣ እሑድ ከሰዓት መስኮት አጠገብ አንድ ወንበር እንዲይዙ።