የክቡር የቤት ስልክ የሕይወት ታሪክ በአጭሩ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የእድራችን አባላት፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ፤ ጡሩምባ ለምን አልተነፋም ብላችሁ አትቀየሙን። እኛም ብንሆን መርዶውን የሰማነው ዘግይተን ነው። አንድ ቀን የቤት ሠራተኛዋ አቧራ ስትጠርግ እጀታውን አንሥታ ጆሮዋ ላይ ብታደርገው፣ ሟቹ ትንፋሽ የላቸውም። መቼ እንዳረፉ ከቤተሰቡ የሚያውቅ አልተገኘም።

ክቡር የቤት ስልክ ዘራቸው ከዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ይመዘዛል። በ1886 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ሐረር የሚደርስ የ477 ኪሎ ሜትር መስመር ሥራ ሲጀመር አያቶቻቸው በአገራችን ሥር ሰደዱ። ሰውየው ሳይታይ ድምፁ ብቻ መሰማቱን የሰይጣን ሥራ ነው ያሉ ካህናት ነበሩ ይባላል። ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ስልክ ጮሆበት በባዶ እግሩ ወደ ሳሎን የሮጠ ሰው፣ ካህናቱ ጨርሶ አልተሳሳቱም ይላል።

ሟቹ ዕድሜያቸውን የገፉት ሳሎን ጥግ፣ ለእርሳቸው ብቻ በተሠራች ጠረጴዛ ላይ፣ ዳንቴል ለብሰው ነው። ወገባቸው ላይ ቁልፍ ነበረባቸው። መደወያው እንዳይዞር የምትከለክል ትንሽ ቁልፍ ናት፤ መክፈቻዋ ከእመቤቲቱ ነጠላ ጫፍ ላይ ትቋጠራለች። የቤቱ ልጆች ግን ዘዴ አላጡም። እጀታው የሚያርፍበትን አዝራር በቁጥሩ ልክ ቶክ ቶክ ማድረግ ነው፤ ለሦስት ሦስቴ፣ ለዜሮ ዐሥሬ። ያኔ የአዲስ አበባ ቁጥር 6 አሃዝ ስለነበር ጣት አይደክምም። ወር ሲያልቅ ቢሉ ይመጣና፣ ማን እንደደወለ ሳይታወቅ ሁሉም ይገረፋል።

ሟቹ የአንድ ቤት ንብረት አልነበሩም። ከጅዳም ሆነ ከዋሽንግተን የሚደወለው ስልክ ግማሹ የጎረቤት ነው። «ትንሽ ቆይቼ እደውላለሁ፣ እትዬን ጥሩልኝ» ይባላል፤ ልጅ በሩጫ ይላካል፤ እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተው ወንበር ጫፍ ላይ ይጠብቃሉ። ሲደወል አሜሪካ ሩቅ ነውና ይጮኻሉ። የልጃቸውን ምስጢር መንደሩ በሙሉ የሚያውቀው በዚህ ነው፤ ብር መላኩንም፣ አለመላኩንም።

ግን ለሟቹ እንደ ቤቱ አባወራ፣ እንደ ጋሼ የሚያለቅስላቸው የለም። ጋሼ ጡረታ የወጡ ዕለት መሥሪያ ቤቱ የምስጋና ወረቀት ሰጥቶ ሸኛቸው፤ በማግስቱ ግን የስልኩ ጠረጴዛ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ሥራ ገቡ። «ሄሎ፣ ማን ልበል?» የእርሳቸው ሥልጣን ነበር። ሴት ልጃቸውን የፈለገ ጎረምሳ መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደሚማር መልስ ይሰጣል፤ ወይ ድምፁን ሳያሰማ ይዘጋል፤ ብልህ ከሆነ እህቱን ያስደውላል። መልእክት ይጽፋሉ፣ ሰዓቱን ይመዘግባሉ፣ የተሳሳተ ቁጥር የደወለውን ሰው እንኳ አገሩን ጠይቀው ነው የሚያሰናብቱት። ቤቱ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንዳለ በእርሳቸው በኩል ያልፋል። ይህን ሥራ ነው እንግዲህ ያለ ምስጋና ወረቀት የተነጠቁት።

ሕመማቸው የጀመረው በ1991 ዓ.ም.፣ ሞባይል የሚባል ታናሽ ወንድም ሲመጣባቸው ነው። በመጀመሪያ ውድና የባለሀብት ስለነበር ማንም አልሰጋም። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ቁጥራቸው ሲረዝም የጋሼ የስልክ ደብተር በሙሉ አረጀ፤ ከየቁጥሩ ፊት በቀይ እስክሪብቶ አሃዝ ሲጨምሩ ሰነበቱ፤ ለሞቱትም ሳይቀር ጨመሩ። ከዚያ መንገድ ቆፋሪ ኬብላቸውን በጠሰ፤ ተቀጠለ፤ ሌባ መዳቡን ቆረጠ፤ እንደገና ተቀጠለ፤ በመጨረሻ ብልሽቱን የሚያመለክት ሰው ጠፋ። ሁሉም ኪሱ ውስጥ የራሱ አለውና።

ነፍሳቸው አልወጣችም የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ በአንዳንድ ቤት ያው ሽቦ ለልጆቹ ኢንተርኔት ያመላልሳል። እንዲህ ያለውን ግን ጋሼ ሕይወት አይሉትም፤ ማን እንደመጣ፣ ምን እንደተባለ እርሳቸው አያውቁማ።

ለጋሼ ልጆቻቸው ዘመናዊ ስልክ ገዝተውላቸዋል። ስክሪኑ ላይ የደዋዩ ስም ከነፎቶው እየታየ፣ አሁንም «ማን ልበል?» ይላሉ፤ ልጃቸው ከዱባይ በኢሞ ሲደውል ግንባራቸውንና ጣሪያውን እያየ ማንነቱን ያስረዳል።

ውርስን በተመለከተ፤ ጠረጴዛዋ ለራውተሩ ተሰጥታለች። ዳንቴሉንም እመቤቲቱ አጥበው ራውተሩ ላይ አልብሰውታል። ይግላል፣ ይታፈናል ተብሎ ቢነገራቸው፣ «እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው» ብለዋል።