«ዘና ይበሉ» የተባሉት አባት

ፎቶ አንሺ ከአፉ ከሚያወጣቸው ቃላት ሁሉ እንደ «ዘና ይበሉ» ጡንቻ የሚያስር የለም። ይህን የተገነዘብኩት ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ፣ ከወናጎ ገባ ብሎ በሚገኝ ግቢ ውስጥ ነው።

ወሩ ታኅሣሥ፣ ሰዓቱ ከቀኑ 9 ተኩል። የግቢው ባለቤት በአሮጌ ሹራብ ጎንበስ ብለው፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተዘረጋውን ቡናቸውን ያገላብጣሉ።

«አባባ፣ እንዲሁ እንዳሉ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?»

«እንዲሁ እንዳለሁማ አይሆንም» ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ቆዩ። ሲመለሱ ጥቁር ኮት፣ ከላዩ ነጭ ጋቢ፣ ባርኔጣ፣ የተወለወለ ጫማ። ሹራቡ ውስጥ የነበረው ሰው ግን አብሮ አልወጣም። ባለቤታቸው የፕላስቲክ አበባ የተቀመጠበት ትንሽ ጠረጴዛ ይዘው ተከተሉ። ወንበሩ ግቢው መሃል፣ የፀሐይ እምብርት ላይ ተተከለ።

«ጥላ ውስጥ ቢሆኑ ይሻላል» አልኩ።

«ፀሐይ ሞልቶ ጥላ ውስጥ? ማን ሊያየኝ?»

ባርኔጣው ዓይናቸውን እንደሸፈነው አስረዳሁ። «እንግዲያው» ብለው እንሰቱ ሥር ገቡ፤ ይህ ደግሞ ባሰ። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ይህን የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ለዚሁ አስተራረስ ነው፤ ከላይ ረጃጅም ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእሱ ሥር ቡና። ፎቶ አንሺ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ አንድ ቅሬታ ያስመዘግብ ነበር። የእንሰት ቅጠል ብርሃኑን አረንጓዴ አድርጎ ስለሚያወርደው ጤነኛው ሰውዬ በካሜራዬ መስኮት የወባ በሽተኛ መሰሉ።

በመጨረሻ የቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ተስማማን። ከፊት ሰፊ ሰማይ፣ ከኋላ የጓዳው ጨለማ፤ ለፊት ከዚህ የተሻለ ብርሃን በገንዘብ አይገኝም። የቀረው የጋቢው ጣጣ ብቻ ነው። ካሜራ ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የተረፈ መስሎት ይቀንሳል፣ የሚጠቁረው ግን ፊት ነው። ልኬቱን ከጉንጫቸው ላይ ወሰድኩና ያንን ቃል ተናገርኩ።

«ዘና ይበሉ።»

እዚያው ጌዴኦ ካሉት የቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች አንዱን ሆነው ቁጭ አሉ። ትክል ድንጋዮቹ እንኳ አንዳንዶቹ ዘመም ይላሉ። ስለ ቡናው ጠየቅኳቸው፤ «መልካም ነው»። ስለ ልጆቻቸው፤ «መልካም ናቸው»። ትንፋሽም የሚወስዱ አይመስሉም።

አልፈርድባቸውም። አርመኑ ቤድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ከሆነበት ዘመን ወዲህ በአገራችን ፎቶ ማለት ለብሰው፣ ተኮፍሰው የሚነሱት ነው። ሰውን ሳያስበው ማንሳት የእኛ የመጽሔት ሰዎች አምሮት እንጂ የባለፊቱ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም።

ያዳነኝ የእማማ ዓይን ነው። ከጠረጴዛው ጀርባ ሆነው፣ «ኮቱ ተዛንፎ ነው የተቆለፈው» አሉ።

«አልተዛነፈም!»

«ከሠርጋችን ጀምሮ እንደተዛነፈ ነው።»

ቀሪውን በጌዴኡፋ ተነጋገሩት። ትርጉም አላስፈለገኝም። አባባ እጃቸውን እያወናጨፉ ወደ እሳቸው ዞሩ፣ ትከሻቸው ወረደ፣ ባርኔጣው ወደ ኋላ ሸሸ፣ ክርክሩም መሃል ላይ ሳቅ አመለጣቸው። እኔ ዝም ብዬ ተኮስኩ።

ሥዕሎቹን በካሜራዋ መስኮት አንድ በአንድ አሳየኋቸው። የሳቁበት ጋ ሲደርሱ ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ይሄ አፉን የከፈተው ማነው? አጥፋው።»

ከዚያ ድንጋይ የሆኑበትን አገኙና ጣታቸውን ጫኑበት። «ይቺን በትልቁ አሳጥበህ ላክልኝ፣ ለግድግዳ። ልጄ፣ ከእሷው ላይ ለቀበሌ መታወቂያ ጉርድ ይወጣል?»

«ይወጣል አባባ።»

«አራት አድርጋት።»

እማማ ክንዴን ነካ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አፉን የከፈተባትን ለእኔ። ሲኮራብኝ አወጣበታለሁ።»