የጃንጥላ ይዞታ

ቤኒዶርም የምትባለው የስፔን የባሕር ዳር ከተማ ቀድሞ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆናለች፤ ግራን ሆቴል ባሊ ብቻውን 186 ሜትር ይረዝማል። ላይኛው ፎቅ ያረፈ እንግዳ ሜዲትራኒያንን ከነግርማው ቁልቁል ያያል። እግሩን ለመንከር ግን መጀመሪያ ሊፍት ይጠብቃል።

ዋናው ትንቅንቅ ያለው ሌቫንቴ በተባለው አሸዋ ላይ ነው። ገና ጎህ ሳይቀድ ጡረተኞች ጃንጥላና ታጣፊ ወንበር ተሸክመው ይወርዳሉ። ጃንጥላው ከውኃው ዳር ይተከላል፣ ፎጣው ይነጠፋል፣ ባለቤቱ ወደ አልጋው ይመለሳል። ፀሐይ እንዲሞቅ የተላከው ወንበሩ ነው መሰል። ማዘጋጃ ቤቱ በበኩሉ ይህን ከልክሏል፤ ሰው አልባ ወንበር ሲያገኝ ያነሣል። ካርታ የሌለው ይዞታ ዕጣው ያው ነው፤ እኛ ደግሞ አፍራሽ ግብረ ኃይል ያለን እኛ ብቻ ይመስለን ነበር!

የያኔው የከተማዋ ከንቲባ ፔድሮ ዛራጎዛ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቢኪኒ ፈቅደው ከቤተ ክህነት ጋር ቢጋጩ፣ ቬስፓቸውን አስነሥተው ማድሪድ ድረስ በመሄድ ለአገሪቱ አምባገነን ገዢ ለፍራንኮ አቤት ብለዋል ይባላል። ለአንዲት ክንድ አሸዋ ዛሬ ማን ዘንድ አቤት እንደሚባል እንጃ።