አድራሻ አለው፣ ስም የለውም

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ሰው በስሙ እንጂ በአድራሻው አይፈለግም። የቤት ቁጥርማ አለ፤ በሩ ላይ በቀለም ተጽፏል፤ ግን ባለቤቱም አያስታውሰው። «አጠና ተራን አልፈህ ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ስሜን ጥራ» ትባላለህ፣ ትደርሳለህ።

እኔን እንጀራ ያበላኝ ግን ተቃራኒው ነው፤ አድራሻ ያለው፣ ስም የሌለው ኮድ። ጂት ኮምፓይለር ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ እዚያው ሚሞሪ ላይ የማሽን ኮድ ጽፎ ያስሮጣል። ኮዱን ዲስክ ላይ ብትፈልገው የለም። ሲበላሽ ጂዲቢ የተባለውን ዲባገር ትከፍታለህ፤ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ረጅም አድራሻ ያወጣና አጠገቡ ሁለት የጥያቄ ምልክት ይደረድራል። አከራዬ ቡና ይዘው ሲገቡ ስክሪኑን አዩና «ምነው ልጄ፣ ጭራሽ እሱ አንተን ይጠይቅሃል?» አሉኝ።

የጃቫ ፕሮግራሞች ማስኬጃ የሆነው ሆትስፖት ደግሞ ተንኮለኛ ነው። መጀመሪያ ኮዱን ቀስ ብሎ እየተረጎመ ያስኬዳል፤ አንዱ ሜተድ ተደጋግሞ ሲጠራ ነው ወደ ማሽን ኮድ የሚቀይረው። ስለዚህ ስህተቱ ፕሮግራሙ ሲነሳ የለም፣ ሲሞቅ ከች ይላል። ጂቱን አጥፍተህ ብትሞክር ድራሹ ይጠፋል። «በቃ፣ ጥፋቱ የኮምፓይለሩ ነው» ለማለት አትቸኩል፤ የሁለት ትሬዶች ሽሚያም ፍጥነት ሲቀየር እንዲሁ ይደበቃል። አድራሻውን ወረቀት ላይ ብትይዘውም ፕሮግራሙ እንደገና ሲነሳ ኮዱ ሰፈር ለውጦ ይጠብቅሃል። መብራት ከሄደማ (በእኛ ሰፈር «ከሄደ» ማለት ይሉኝታ ነው) ኮዱም አብሮ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ጂዲቢ 7.0 ለዚህ ስም አልባነት መላ አመጣ። በመላው የሚጠቀም ጂት ኮምፓይለር አዲስ ኮድ በጻፈ ቁጥር የስሞቹን መዝገብ አዘጋጅቶ አንድ ባዶ ፋንክሽን ይጠራል። ፋንክሽኑ ምንም አይሠራም፤ ዲባገሩ ግን እዚያ ላይ ብሬክፖይንት ተክሎ አድፍጧልና ጥሪውን ሲሰማ መዝገቡን ያነባል። ምንም ሳይሠራ ይህን ያህል የጠቀመ ሹም አላጋጠመኝም። የሊኑክሱ የፍጥነት መመርመሪያ ፐርፍማ ከዚህም ባነሰ ይረካል፤ መነሻ አድራሻ፣ መጠንና ስም በየመስመሩ የተጻፈበት ተራ የጽሑፍ ፋይል ይበቃዋል።

እናም ጂት ኮምፓይለር የምትጽፉ ወገኖች፣ እባካችሁ፣ ኮዱን ከማስሮጣችሁ በፊት ስሙን አስመዝግቡልን። ወረፋ የለው፣ ማኅተም የለው፣ «ነገ ተመለሱ» የሚላችሁ የለ።