የሌባ ዓይነ ደረቅ

የመርካቶ ፍላሽና ሚሞሪ ሞዮች ለኪነ ጥበብ ያላቸው ፍቅር ልዩ ነው። ዘፋኙ ያለ የሌለውን ሸጦ፣ ለግጥም፣ ለዜማ፣ ለቅንብርና ለስቱዲዮ ከፍሎ ያወጣውን አልበም፣ ያዘዙት ቡና ሳይደርስ ጭነው ያስረክቡዎታል። «አዲስ ምን ወጣ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። «ለዘፋኙ ስንት ይደርሰዋል?» ማለት ግን ነውር ነው፤ ገበያ ይረብሻል።

በቀደም አንዱ ባለሱቅ ጎረቤቱን ሲራገም ሰማሁት። «ለቅሜ፣ መርጬ፣ በተራ በተራ ያስቀመጥኩትን የሠርግ ምርጥ ገልብጦ ይሸጣል! በላቤ እኮ ነው ያዘጋጀሁት!» አንጀት ይበላል። ፎልደሩ ላይ ስልክ ቁጥሩን ሳይቀር ጽፎበታል። የዘፋኞቹ ስም ግን፣ ለቦታ ቁጠባ ይሆናል፣ «01»፣ «02» እየተባለ ታልፏል።

ደግነቱ ሕጉም ጥቂት ይደግፈዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአመራረጡና በአደረጃጀቱ ወጥ የሆነን ስብስብ እንደ ሥራ ይቆጥራል፤ የዋናዎቹ ሥራዎች ባለቤቶች መብት እንደተጠበቀ ሆኖ። ስለዚህ ወንድሜ፣ ጎረቤትህን ልክሰስ ካልክ አዋጁን ይዘህ ግባ። ብቻ ከመግባትህ በፊት ወደ ታች ወርደህ አንቀጽ 36ንም አንብበው፤ ሆን ብሎ መብት ለጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ብሎ ነው የወጣው።